ስኳሩ ወርዶ ቅባቱ ቢወጣስ?

ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ እንዲሆነን አንድ ምሳሌ እናስቀድም። ዕድሜው 46 ዓመት የሆነ፣ የስኳር በሽታ እንዳለበት ካወቀ ስድስት ዓመት ያለፈው አንድ አባወራ አለ እንበል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የተባሉ ክኒኖችን ይወስዳል። የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠኑን የሚያሳየው ኤዋንሲ የተባለው የደም ምርመራ 9.1 በመቶ ሆኖበታል፤ ይፈለግ የነበረው ከ7 በታች ነው። ሐኪሙም ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ወደ ኢንሱሊን መርፌ መሸጋገር ሊኖር እንደሚችል ነገረው። አባወራው ደንግጦ ቤቱ ገባና ከባለቤቱ ጋር መከረ። ከአንድ ዘመዳቸው እንደሰሙትም እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ፓስታውንና ድንቹን ከገበታቸው አነሡ። በምትካቸው ንጥር ቅቤ የጠገበ ክትፎ፣ ጮማ ያለው ጥብስና በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል ገባ።

ከአራት ወር በኋላ ኤዋንሲው ወደ 6.8 ወረደ። ክብደቱም ከ84 ኪሎ ወደ 76 ኪሎ በመቀነሱ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ማጥበቅ አስፈለገው። ባለቤቱ ደስ ብሏት ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። ይሁን እንጂ በዚያው ቀን ከላቦራቶሪ የመጣው ሌላው ወረቀት የሚናገረው ሌላ ነበር። መጥፎው ኮሌስትሮል ከ126 ወደ 186 ወጥቷል።

ይህ ቤተሰብ ለትምህርት ሲባል የተፈጠረ ነው፤ ችግሩ ግን እውነተኛ ነው። ባልና ሚስቱ ወደ ቀድሞው እንጀራ ይመለሱ? ወይስ «ዋናው ስኳሬ ነው፣ እሱ ወርዷል፣ የቀረው ምን ያደርገኛል» ብለው ይቀጥሉ? ሁለቱም መንገድ አያዋጣም። የስኳር ሕሙማንን ሕይወት ከሁሉ ይበልጥ የሚቀጥፈው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስኳርን እያስተካከሉ የደም ሥርን በቅባት ማስዘጋት በአንድ በር የወጣውን ሌባ በሌላ በር ማስገባት ይሆናል።

ወረቀቱን ማንበብ

ኮሌስትሮል በራሱ መርዝ አይደለም። ሰውነታችን የሕዋሳቱን ግድግዳ፣ ሐሞትንና አንዳንድ ሆርሞኖችን፣ የመራቢያ ሆርሞኖችንም ጭምር፣ የሚሠራበት ቅባት መሰል ነገር ነው። አብዛኛውንም ራሱ ሰውነታችን ያመርተዋል። ቅባት ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ በደም ውስጥ ለመጓዝ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ኤልዲኤል የሚባለው ተሸካሚ ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም የደም ሥሩን ያጠበዋል። «መጥፎው» የተባለው ስለዚህ ነው። ኤችዲኤል ደግሞ ትርፉን ወደ ጉበት የሚመልስ በመሆኑ «ጥሩው» ይባላል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላ ዓይነት የደም ቅባት ሲሆን ስኳር ባልተስተካከለበት፣ ጣፋጭና አልኮል በበዛበት ሰው ላይ ከፍ ይላል።

አሁን የአባወራውን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን እንያቸው። በመጀመሪያው ላይ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 212፣ ትራይግሊሰራይድ 260፣ ኤችዲኤል 34፣ ኤልዲኤል 126 ይላል። በሁለተኛው ጠቅላላ 254፣ ትራይግሊሰራይድ 120፣ ኤችዲኤል 44፣ ኤልዲኤል 186 ነው። ሁሉም የተለኩት በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ወረቀታችሁ ላይ ያለው ቁጥር እንደ 4.8 ያለ ትንሽ ከሆነ ላቦራቶሪው የተጠቀመው ሚሊሞል የተባለውን መለኪያ ነው፤ ኮሌስትሮሉን በ38.7፣ ትራይግሊሰራይዱን ደግሞ በ88.6 ብታባዙት ከእኛው ቁጥር ጋር ይቀራረባል።

ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን የሚያገኙት በቀጥታ ለክተው ሳይሆን በሒሳብ ነው። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳሉ። 254 ሲቀነስ 44፣ ሲቀነስ 24፣ ይሆናል 186። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ይህ ሒሳብ አይሠራም። ያን ጊዜ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ብቻ ቀንሶ የቀረውን መመልከት ይሻላል። በአባወራው ወረቀት ይህ ቁጥር ከ178 ወደ 210 ከፍ ብሏል።

ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ወረቀት ሁለት መልካም ዜናዎች አሉት። ትራይግሊሰራይድ ከግማሽ በታች ወርዷል፣ ኤችዲኤልም ከፍ ብሏል። ኃይል ሰጪ ምግቦችን፣ ማለትም ካርቦሃይድሬትን፣ በሚቀንስ ሰው ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚታይ ውጤት ነው። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ተጽናንተው «ጥሩው ስለጨመረ መጥፎውን ያጣፋዋል» ይላሉ። እንዲህ ያለ ማቻቻል የለም። ኤችዲኤልን ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶች በትልልቅ ጥናቶች ተሞክረው የልብ ድካምንና ስትሮክን የመቀነስ ተስፋቸው ሳይፈጸም ቀርቷል። ኤልዲኤልን ዝቅ ማድረግ ግን ጥቅሙ ተደጋግሞ ታይቷል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ክብደት በፍጥነት እየወረደ ባለበት ጊዜ የተለካ ኮሌስትሮል ሊዋዥቅ ስለሚችል ክብደቱ ሲረጋ ምርመራውን መድገም ተገቢ ነው። ኤልዲኤል 190ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ነገሩ ከምግብ ያለፈ ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የኩላሊት በሽታ ወይም ከወላጅ የሚወረስ የኮሌስትሮል ችግር መኖሩ መታየት አለበት። በውርስ የሚመጣው ዓይነት ከ250 ሰዎች በአንዱ ገደማ የሚገኝ ነው። አባቱ ወይም እናቱ በለጋ ዕድሜ በልብ ሕመም የሞቱበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር መውጣት የለበትም።

ቅባቱ ለምን ወጣ?

ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እየሳበ የሚያስገባባቸው እንደ በር ያሉ ተቀባዮች አሉት። ይህን ያገኙት በቴክሳስ ይሠሩ የነበሩ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሐኪሞች ሲሆኑ በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከቅቤ፣ ከጮማና ከፓልም ዘይት የሚገኘው የሚረጋ ቅባት ሲበዛ እነዚህ በሮች ያንሳሉ። በር ሲያንስ ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ ይቆያል፤ ቁጥሩም ይወጣል።

ስለዚህ አባወራውን የጎዳው እንጀራ መቀነሱ አይደለም። የጎዳው በእንጀራው ቦታ የገባው ነው። ይህን ልዩነት ደግመን የምንናገረው ብዙ ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ነው። እንጀራ ሲቀነስ ቅቤ መጨመር አለበት የሚል ሕግ የትም የለም። ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት አይመልስም፤ ባልና ሚስት ከአንድ ሰሐን በልተው የአንዱ ኤልዲኤል ሲወጣ የሌላው ባለበት ሊቆይ ይችላል። የራስን የሚያውቁት በመመርመር ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ «ካርቦሃይድሬት መቀነስ» ሲባል ማስወገድ ማለት አይደለም። በባለሙያዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች የሆነው አነስተኛ፣ ከ50 ግራም በታች የሆነው ደግሞ እጅግ አነስተኛ ይባላል። ጤፍ ከነክብሩ 100 ግራም ዱቄቱ ወደ 73 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። በየገበታው ሁለት ሙሉ እንጀራ የሚበላ ሰው ወደ ግማሽ ቢወርድ፣ ስኳር ያለውን ሻይና ለስላሳ መጠጥ ቢያቆም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ለአብዛኛው ሰው ይህን ለዓመታት መያዝ ይቻላል፤ ጨርሶ መተዉ ግን እስከሚቀጥለው ሠርግ ነው።

መድኃኒት ለሚወስዱ ማስጠንቀቂያ

እዚህ ላይ ስለ ኮሌስትሮል ከመቀጠላችን በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንጀራውን በአንድ ጊዜ ቢቀንስ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል። መድኃኒቱ የተመጠነው በቀድሞው ምግብ ነውና። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከታየ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ይህን ባል ብቻ ሳይሆን ሚስትም፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ማወቅ አለባቸው። ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉትን ክኒኖች የሚወስዱ ሰዎችም ካርቦሃይድሬትን እጅግ ሲቀንሱ ደም ውስጥ አሲድ የመከማቸት አደጋ ስላለባቸው መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ሥጋ ከማብዛቱ በፊት የሽንትና የደም ምርመራውን ያሳይ።

ድስቱ ውስጥ ምን ይቀየር?

የኤልዲኤል መጠኑን መቀነስ ለሚያስፈልገው፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚረጋ ቅባት በቀን ከ13 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመከራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወደ 8 ግራም አለው። ሁለት ማንኪያ ሲሆን የቀኑ ድርሻ አልፏል፤ ሥጋው ውስጥ ያለው ጮማ ገና አልተቆጠረም። ክትፎ ቤት በአንድ ሰሐን ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚፈስ ለምታውቁት ሒሳቡን ለእናንተ እንተወዋለን።

የቤት እመቤቶች «ያለ ቅቤ ወጥ አይጣፍጥም» ሲሉ እውነት አላቸው፤ ግን የሚጣፍጠው በአብዛኛው ቅመሙ ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና እርድ በዘይትም ሽታቸውን ይለቃሉ። ሽንኩርቱን በትንሽ ዘይት አቁላልቶ ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ለመላው ድስት ጣል ማድረግ ምላስን ያታልላል። በሱቅ የሚሸጠው የአትክልት ቅቤ ግን ስሙ አያታልላችሁ። በቆርቆሮው ውስጥ ረግቶ የሚቀመጥ ከሆነ አብዛኛው ከሚረጋ ቅባት የተሠራ ነው።

የዘይት ነገር በከተማ ቤተሰብ ዘንድ የዋጋ ነገር መሆኑን እናውቃለን። በገበያችን ለዓመታት በብዛት የቆየው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ደግሞ አብዛኛው የማይረጋ፣ ኤልዲኤልን የሚቀንስ ዓይነት ነው። የአቅም ነገር ሆኖ ኑጉ ካልተገኘ ያለውን በጀሪካን ከማፍሰስ በማንኪያ መለካት ይሻላል። አምስት ሰው ለሚበላው ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል ብንል ከአንዳንድ ባለሙያ ሴቶች ጋር እንደምንጣላ አናጣውም።

ሥጋው አይከልከል። ጮማው ተነሥቶለት ቀዩ ብቻ የሆነ ጥብስ፣ ዓሣ፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ ጥሩ ገንቢ ምግቦች ናቸው። ደግነቱ በእኛ አገር የዶሮ ወጥ ሲሠራ ቆዳው ተገፎ ይጣላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ በሚገባው ቅቤ ነው። አይብ በአገራችን አሠራር ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚሠራ በመሆኑ ቅባቱ ጥቂት ነው፤ ለስኳርም ለኮሌስትሮልም የሚስማማ ነው፤ ከላዩ የቀለጠ ቅቤ ካላፈሰሳችሁበት። እንቁላልን በተመለከተ አንዱ አስኳል ወደ 190 ሚሊግራም ኮሌስትሮል አለው። በምግብ የሚገባ ኮሌስትሮል ግን እንደሚረጋ ቅባት ያህል ኤልዲኤልን አይጨምርም። በቀን አንድ እንቁላል በዘይት ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ ቢበላ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። ሦስት እንቁላል በሁለት ማንኪያ ቅቤ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ተረሱት እንምጣ። እንጀራ ሲቀነስ ሆድ ባዶ እንዳይሆን የሚሞላው ነገር ከቅቤ በፊት ከዕፅዋት መፈለግ አለበት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ካርቦሃይድሬታቸው ጥቂት ነው፤ ሰሐኑን ግማሽ ቢይዙ መልካም ነው። አቮካዶ ቅባቱ ብዙ ቢሆንም አብዛኛው የማይረጋ ነው፤ ከመቶ ግራሙ 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲሆን ከዚያም 7ቱ አሰር ነው። ስኳርና ወተት ተጨምሮበት በጭማቂ ቤት በብርጭቆ ሲቀርብ ግን ያው ስኳር ነው። ያልጣፈጠ ኦቾሎኒ እፍኝ ያህል ለመክሰስ ይሆናል።

ምስርና ሽሮ ብዙ ሰዎች እንጀራውን ሲተዉ አብረው የሚተዉዋቸው ናቸው። ይህ የሚያሳዝን ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም 8 ግራሙ አሰር ነው፤ 9 ግራም ደግሞ ፕሮቲን አለው። ስኳርን ቀስ አድርጎ ያወጣል፤ የጥራጥሬ አሰር ኮሌስትሮልንም ዝቅ ለማድረግ ያግዛል። ጭልፋ ምስር በጭላፊ እንጀራ የሚበላ ሰው ከአባወራችን ክትፎ የተሻለ ገበታ ላይ ተቀምጧል። ተልባም እንዲሁ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በየቀኑ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል መውሰድ ኤልዲኤልን በመጠኑ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሳይፈጭ እንዳለ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። ስኳር ወይም ማር ሳይጨመርበት በብዙ ውሃ መጠጣት፣ የመድኃኒት ሰዓት ሲሆን ደግሞ አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ያስፈልጋል፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ሊይዘው ይችላልና።

ጾምና ፍስክ ለዚህ በሽተኛ ሁለት ተቃራኒ ወቅቶች ናቸው። በጾም ቅቤና ሥጋ ስለሚቀር ኤልዲኤል ይረጋጋል፤ ነገር ግን እንጀራው፣ ዳቦው፣ ድንቹና ሳምቡሳው ይበዛና ስኳር ይወጣል። በፍስክ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የኮሌስትሮል ምርመራ በፋሲካ ማግሥትና በሁዳዴ መጨረሻ ሲደረግ የተለያየ ሥዕል ሊሰጥ ስለሚችል መቼ እንደተመረመራችሁ ለሐኪሙ መንገር ይጠቅማል።

ስለ ቡና አንድ ቃል። በ1983 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ በተባለች ከተማ የተደረገ ጥናት ቡና የሚያበዙ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በኋላ ሲጠና ምክንያቱ ቡናው ተፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ መጠጣቱ እንደሆነ ታወቀ፤ በቡናው ቅባት ውስጥ ያለ ካፌስቶል የተባለ ነገር ኤልዲኤልን ይጨምራል፤ ወረቀት ግን ይይዘዋል። የእኛም ጀበና በወረቀት አያጣራም። ቡና ተዉ ማለታችን አይደለም፤ ማን ይሰማናል! ነገር ግን ኤልዲኤሉ አልወርድ ያለው ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ በቀን ሦስት ጊዜ የሚደግም ከሆነ ቀንሶ ይሞክረው።

የስታቲን ክኒን

ምግብ ኤልዲኤልን በመጠኑ ይቀንሳል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። በአሁኑ ጊዜ ባለው የሕክምና መመሪያ መሠረት ዕድሜው ከ40 እስከ 75 የሆነ የስኳር ሕሙም የኮሌስትሮል ቁጥሩ መካከለኛ ቢሆንም እንኳ ስታቲን የተባለውን መድኃኒት እንዲወስድ ይመከራል። ስለዚህ አባወራችን ኤልዲኤሉ 126 በነበረበት ጊዜ ክኒኑን መጀመር ነበረበት። የደም ግፊት፣ ሲጋራ ወይም ሌላ ተጨማሪ አደጋ ያለበት ሰው ኤልዲኤሉ ከ70 በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ደርሶበት ከሆነ ደግሞ ከ55 በታች።

ይህ መድኃኒት ከየት መጣ ቢሉ ከሻጋታ ነው። አኪራ ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ ሳይንቲስት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን መርምሮ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት የሚያግድ ነገር አገኘ። የመጀመሪያው ስታቲን በ1987 ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ለስኳር ሕሙማን ያለው ጥቅም ጎልቶ የታየው ግን በ2004 በታተመው ካርድስ በተባለው ጥናት ነው። የልብ ሕመም የሌለባቸው 2838 የስኳር ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በቀን 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የልብ ድካም፣ ስትሮክና የመሳሰለው በ37 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ቆመ።

ሰዎች ክኒኑን የሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። አንዱ የጡንቻ ሕመም ነው፤ ሲያጋጥም ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ዓይነቱን ይቀይራል። ከባድ የጡንቻ ሕመም ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ ግን ክኒኑን አቁሞ በዚያኑ ቀን መታየት ነው። ሁለተኛው ስታቲን ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጭማሪው ትንሽ ነው፣ ከልብ ድካም የሚያድነው ጥቅም ይበልጣል። ሦስተኛውና በብዛት የምንሰማው «ኮሌስትሮሌ ስለወረደ ተውኩት» የሚለው ነው። የወረደው ክኒኑ ስላለ ነው፤ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ በምግብነት አይጎዱም፤ ክኒኑን ግን አይተኩም።

ሕሙሟ ሚስት ስትሆን

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባል ነው። የስኳር በሽታ ያለባት ሚስት ከሆነችና የመውለጃ ዕድሜ ላይ ካለች ግን ሌላ ሐሳብ ይጨመራል። ስታቲን በእርግዝና ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መቆም አለበት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ጥብቅ ክልከላ አላልቶ ከፍተኛ የልብ አደጋ ያለባቸው ሴቶች ጉዳይ በተናጠል እንዲታይ ቢያደርግም፣ አብዛኞቹ እርጉዞች እንዲያቆሙት የሚለው ምክር እንዳለ ነው። በማጥባት ጊዜም አይመከርም። ሳታውቅ አርግዛ የወሰደች እናት ግን መደንገጥ የለባትም፤ ክኒኑን አቁማ ሐኪሟን ታነጋግር። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ለደም ግፊትና ለኩላሊት የሚሰጠው እንደ ኢናላፕሪል ያለው መድኃኒት ነው፤ ጽንሱን ስለሚጎዳ አስቀድሞ በሌላ መቀየር አለበት።

ስለዚህ ጉዳዩ የሁለቱም ምክክር ይሆናል። ልጅ አሁን ይፈለጋል ወይስ ይቆይ? የሚፈለግ ከሆነ ኤዋንሲው በተቻለ መጠን ከ6.5 በታች እስኪሆን እርግዝናውን ማዘግየት፣ ቢያንስ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አስቀድሞ መጀመር፣ መድኃኒቶቹን ማስተካከል ይገባል። ካርቦሃይድሬትን እጅግ የመቀነስ ዘዴ በእርግዝና ጊዜ አይመከርም። የሚቆይ ከሆነ ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያው ምርጫ ከደም ቅባቱ ጋር አብሮ ይታይ። ኤስትሮጅን ያለበት የተለመደው ክኒን ትራይግሊሰራይድን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት የስኳር በሽታ ብቻ ያለባት ሴት ክኒኑን በአብዛኛው ልትወስድ ትችላለች፤ ዓይኗ፣ ኩላሊቷ ወይም የደም ሥሯ የተጎዳባት፣ ወይም በሽታው ከ20 ዓመት በላይ የቆየባት ግን ሌላ ዘዴ ብትመርጥ ይሻላል። ሆርሞን የሌለበት የመዳብ ሉፕ ስኳሩንም ቅባቱንም አይነካም።

ወደ አባወራው እንመለስ

ባልና ሚስቱ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሐኪሙ ተመለሱ እንበል። ሐኪሙ የእንቅርት ዕጢውን አስመርምሮ ደህና መሆኑን አየ። ግሊቤንክላማይዱን ቀነሰለት። 20 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን አዘዘለት። ቅቤው በኑግ ዘይት ተተካ፤ ሥጋው ጮማውን አጣ፤ ምስርና ጎመን ተመለሱ፤ በምሳ ሩብ፣ በእራት ሩብ እንጀራ ተፈቀደ። ሚስት ሁለት ድስት መጣድ ስለታከታት ለሁሉም አንድ ወጥ ሠራች። ባልም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ አትክልቱን ራሱ መግዛት ጀመረ፤ መጀመሪያ ሰሞን የተበላሸ ቲማቲም ይዞ ቢመጣም።

ከአሥር ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ወረቀት መጣ። ጠቅላላ 150፣ ትራይግሊሰራይድ 110፣ ኤችዲኤል 45፣ ኤልዲኤል 83። ኤዋንሲው 6.9 ነው፤ በአንድ አሥረኛ ብቻ ከፍ ብሏል። የደም ግፊቱ 138 በ86 ስለሆነና ግቡ ከ70 በታች ስለሆነ ሐኪሙ አቶርቫስታቲኑን ወደ 40 አሳደገው፤ ከ12 ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም ተመልሶ እንዲመረመር ቀጠረው።

በቀጠሮው ቀን ሚስትም አብራ ትሄዳለች። ዕድሜዋ 41 ነው። ከ35 ዓመት ጀምሮ ማንም ሰው ስኳሩን መለካት እንዳለበት ነርሷ ስትነግራት፣ በስድስት ዓመት የባሏ ሕመም ውስጥ አንድም ቀን የራሷን ጣት ወግታ እንደማታውቅ ትዝ አላት።